ሥሩን ተከትለን

ቤቱን ስገዛ ደላላው፣ «ጓሮው ባዶ ነው» ብሎኝ ነበር፤
ባዶ ግን አልነበረም። ደምበጫ፣ ከግንቡ ሥር፣ ከድንበር፣
ቁመቱ እስከ ጉልበት፣ ቅጠሉ አመድ የነካው፣
ማን እንደ ተከለው የማይታወቅ፣ ማንም ያልለካው
አንድ ነገር በቅሏል።

በሚያዝያ ሦስት ዘለላ፣ በግንቦት ምንጣፍ ሆነ፤
በሰኔ ቆስጣዬን ዋጠ፤ ሽንኩርቴ መነመነ።
ነቀልሁት። ሳቀብኝ። በነቀልሁበት ቀዳዳ
አራት ሆኖ ወጣ፣ እንዳልተከፈለ ዕዳ።

ጎረቤቴ ጋሽ አንማው፣ አናጺው፣ በግንቡ ላይ ብቅ አለና፣
ሁለት ምስማር ከከንፈሩ ሳያወጣ ገና፣
«አረምሽ ግቢዬ ገባ፤» አለኝ፣ «ነይና ሰብስቢ!»
«ያንተው ነው የመጣው፤» አልሁት፣ «ከዚያ ወደ እኔ ግቢ።»
ካርታዬን አወጣሁ፣ ካርታውን አወጣ፤ ማኅተሙ ሁሉ ተመሳከረ፤
ስለ ሥር ግን በሁለቱም ላይ አንድም መስመር አልተሰመረ።

«ስሙ ከታወቀ» አልሁ፣ «ባለቤቱም ይታወቃል።»
ቅርንጫፍ ቆርጬ ገበያ ወረድሁ። ገበያ ሁሉን ያውቃል።
ጤና አዳም ሻጯ አሸተተችው፤ «አሪቲ ነው» አለች፤
አጠገቧ ያለችው፣ «ዓይንሽ ጠፋ?» ብላ ሳቀች፣
«ጭቁኝ ነው ይሄ፣ ጭቁኝ!» ሦስተኛዋ፣ ላቀች፣
ምንም ሳትናገር አገዳውን በጣቷ አሽከረከረች።
«ዳስሺው» አለችኝ። ዳሰስሁት።
ክብ አይደለም። አራት ማዕዘን ነው፣ እንደ ሣጥን ጠርዝ፤
ቅጠሉ ሁለት ሁለቱን፣ ፊት ለፊት፣ እንደ ሚዜ የሚጓዝ።
«ጨፍልቂና አሽትቺው።» አሸተትሁት።
«ናና ነው» አለች፤ «የሻዩ ግን አይደል፤ ወንዝ የወለደው፤
ጠጉራም ነው፣ የያዘውን ይዞ ነው የሚሄደው።
ተምጫ ዳር ሞልቶልሻል። ግን እንዲሁ በእግሩ አይመጣም፤
ውኃ የሚደፋለት ሰው ባይኖር ከወንዝ አይወጣም።»

ዝናቡ ባረፈ ቀን፣ ከሰዓት፣ በየእጃችን ዶማ፣
ሥሩን ተከትለን ቆፈርን፣ ያለ ዳኛ፣ ያለ ፊርማ።
ነጭ ነው፣ እንደ ጫማ ማሰሪያ፣ በየስንዝሩ ቋጠሮ፣
ከየቋጠሮው ሌላ ነጭ፣ ወዲያ ወዲህ ተወርውሮ።
ከቆስጣዬ ሥር ተነሣ፤ በሽንኩርቱ በኩል ታጠፈ፤
ግንቡ ጋ ሲደርስ ጠለቀ፤ ከመሠረቱ በታች አለፈ።
«ረታሁህ» አልሁ በሆዴ። ዞረን ገባን በሱ ደጃፍ፤
ሥሩ ወፈረ፣ ጠቆረ፣ ጣት አከለ፤ መጨረሻው ጫፍ
አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሥር ነው፣ መሐሉ የጎደጎደ፣
ስንት ዓመት ልብስ የታሸበት፣ ስንት አረፋ የወረደ።

ጋሽ አንማው ዶማውን ጣለ።
በከንፈሩ ምስማር የለም፤ ቢሆንም አልተናገረም።

«ቧንቧ ሳይገባ» አለ ቆይቶ፣ «እናቴ ይታይሽ ወንዝ ወርዳ
የሰው ልብስ ታጥብ ነበር፣ በሳንቲም፣ በዱቤ፣ በዕዳ።
ከአንሶላው እጥፋት ይህን ቅጠል ትሸጉጥ ነበር፣ እንዲሸት።
ቧንቧው የመጣ ሳምንት በጣሳ ይዛው ገባች፣ አንድ ምሽት፤
"ወንዙ ቀረብኝ" አለች።
ይኸው እኔ አረም እላለሁ።»

ሰኞ ሲሚንቶ ይፈስሳል እዚያ፣ ለወርክሾፑ መሠረት፤
ስለዚህ ያንኑ ዕለት አዛወርነው፣ ፀሐይ በበረደችበት ሰዓት።
ግማሽ ቁመቱን ቆረጥን፤ ጥቁሩን ሥር ከነአፈሩ
በማዳበሪያ ጆንያ ያዝነው፣ እንዳይበተን ከዳር ዳሩ።
እኔ ጓሮ ወሰድነው፣ አሸንዳው ወደሚንጠባጠብበት፤
እሱ በርሜል አመጣ፣ ቂጡን የቆረጠው፤ እስከ አንገቱ ቀበርንበት።
«ከዚህ አያልፍም» አለ። እኔም «አያልፍም» አልሁት።
እንደሚያልፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰኞ መሠረቱን ሲያፈስስ በግንቡ በኩል አየሁት፤
አንድ ስንዝር ክፍተት ተወ፣ ወደ እኔ ጓሮ። ጠየቅሁት።
«ለውኃ መውረጃ ነው» አለኝ፣ ምስማሩን እንደ ነከሰ።
የኔ ግቢ ከሱ ከፍ ይላል፤ ውኃ ሽቅብ መቼ ፈሰሰ?